ፍርስራሹ ባለቤት አለው፦ በጌሞች ውስጥ ስለ«ጠፋው» የኤልፎች ሥልጣኔ

ታናናሾቻችሁ ኮምፒውተር ላይ ተጥደው ሲያመሹ አይታችሁ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ ከሚያመሹት መሐል ከሆናችሁ፣ የሚከተለው ትዕይንት እንግዳ አይሆንባችሁም። ጀግናው ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ይሄዳል። ድንገት ከሐረጉ ሥር ነጭ የድንጋይ ቅስት ብቅ ይላል። በሩን ከፍቶ ወደ ታች ሲወርድ ሰፊ አዳራሽ ያገኛል፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላም የሚያበሩ ድንጋዮች፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ፣ ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ሰይፍ። «ይህን የሠሩት የጥንት ኤልፎች ናቸው፤ ዛሬ ግን የሉም» ይባላል። ጀግናው ሰይፉን ያነሣል፣ የሚያበሩትን ድንጋዮች ነቅሎ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል፣ ገበያ ወስዶ ይሸጣቸዋል። «የማን ንብረት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ያችን ማንም ያልጠየቃትን ጥያቄ ነው። «ጌም እኮ ነው፤ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ «ድንቅ ሕንፃ ሠርተው የጠፉ፣ ዛሬ ካሉት ነዋሪዎች የተለዩ ሕዝቦች» የሚለው ሐሳብ ጌም ውስጥ አልተወለደም። ከጌሙ በፊት በልብ ወለድ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ በእውነተኛ አገሮችና በእውነተኛ ሰዎች መሬት ላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ከነዚህ አገሮች አንዷ የእኛዋ ናት።

ኤልፎቹ ከየት መጡ?

ኤልፍ በሰሜን አውሮፓ ተረቶች ውስጥ የሚገኝ ሰው መሰል ፍጡር ነው። ዛሬ በጌም የምናውቀው ኤልፍ፣ ማለትም ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ጥበበኛ፣ ከሰው ልጅ በፊት ዓለምን የያዘና አሁን እየከሰመ ያለ ዘር፣ አብዛኛውን መልኩን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በታተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ተጓዦቹ የጭራቆች ዋሻ ውስጥ ጥንታዊ ሰይፎች ያገኛሉ። ሰይፎቹ የተሠሩት ጎንዶሊን ለምትባል፣ በጦርነት ለወደመች የኤልፎች ከተማ ነበር። ዛሬ በየጌሙ ከመሬት ሥር የሚገኘው «የኤልፍ ሰይፍ» ቅድመ አያት እሱ ነው ብንል አናጋንንም።

ቶልኪን በሙያው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። ይህ ደግሞ ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። ሮማውያን በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብሪታንያን ለቀው ሲወጡ የድንጋይ ከተሞቻቸው ቀስ በቀስ ፈረሱ። በኋላ በአገሩ የሰፈሩት አንግሎ ሳክሶኖች በአብዛኛው በእንጨት ይሠሩ ስለነበር እነዚያን ግድግዳዎች በመገረም ይመለከቷቸው ነበር። «ዘ ሩይን» በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ ግጥም የፈረሰ የድንጋይ ከተማን የግዙፎች ሥራ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ከተማዋ ባዝ ሳትሆን እንዳልቀረች ይገምታሉ። ቶልኪን «ኤንት» ለተባሉት ተንቀሳቃሽ ዛፎቹ ስም የወሰደው ግዙፍን ከሚገልጸው ከዚያው ጥንታዊ ቃል ነው። ያንን ከተማ የሠሩት ግን ግዙፎች አይደሉም። ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ወታደሮችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሠሪው ሲረሳ ቦታውን ተረት ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ሲያሳትሙ የፈረሰ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ሀብት ይዞ መውጣት የጨዋታው ሞተር ሆነ። ጨዋታው ፍርስራሽ ይፈልጋል፤ ፍርስራሽ ደግሞ ገንቢ ይፈልጋል። ኤልፎቹ ለዚህ ሥራ ተቀጠሩ።

ሦስት ጌሞች፣ ሦስት አጠፋፍ

«ዘ ኤልደር ስክሮልስ» በተባሉት ተከታታይ ጌሞች ውስጥ የጠፉ የኤልፍ ሕዝቦች አንድ ብቻ አይደሉም። «ኦብሊቪየን» (2006) ውስጥ የምናገኛቸው አይሌዶች ሰዎችን በባርነት ይገዙ የነበሩ፣ በባሮቻቸው ዐመፅ የወደቁ ናቸው። የሠሩት ታላቅ ነጭ ግንብ የሰዎቹ ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት ሆኗል። በ«ሞሮዊንድ» (2002) እና በ«ስካይሪም» (2011) የምናገኛቸው ድዌመሮች ደግሞ የባሰ ምስጢር ናቸው። የማሽን ሊቆች ነበሩ፤ አንድ ቀን በጦርነት መሐል ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተሰወሩ። ማሽኖቻቸው ግን ዛሬም ይሽከረከራሉ።

ሦስተኞቹ የበረዶ ኤልፎች ናቸው። በሰዎች ተሸንፈው ወደ ድዌመሮች ሲጠጉ፣ ድዌመሮቹ መርዛማ እንጉዳይ እያበሉ ዐይናቸውን አሳወሯቸው። ዘሮቻቸው ፋልመር ይባላሉ፤ በዋሻ ውስጥ የሚኖሩ፣ የማያዩ፣ ያገኙትን የሚገድሉ ፍጡራን ናቸው። ተጫዋቹም ሲያገኛቸው ይገድላቸዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ፦ ወራሾቹ አሉ፤ ግን አውሬ ሆነው ስለተሣሉ እንደ ወራሽ አይቆጠሩም።

«ድራጎን ኤጅ» ውስጥ ደግሞ ኤልቨናን የሚባል ግዛት፣ አርላታን የምትባል ዋና ከተማ ነበሩ። የዛሬዎቹ ኤልፎች ገሚሶቹ በከተማ ዳር በታጠረ ሰፈር በድህነት ይኖራሉ፤ ገሚሶቹ በጋሪ እየተጓዙ የቀረውን ቋንቋና ወግ ይለቃቅማሉ። በፖላንዳዊው ደራሲ አንድሬይ ሳፕኮውስኪ መጻሕፍት ላይ የተመሠረተው «ዘ ዊቸር» (የመጀመሪያው ጌም 2007) ደግሞ ሰዎቹን በኤልፎች ከተማ መሠረት ላይ ያኖራቸዋል። የወደብ ከተማዋ ኖቪግራድ ከሥሯ የቆየው የኤልፎች ግንብ ነው፤ ኤልፎቹ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ይሰደባሉ፣ ይገፋሉ።

ተረቱ መሬት ሲነጥቅ

አሁን ከጌሙ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ማውኽ የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ታላቅ የድንጋይ ፍርስራሽ አየ። የትልቁ አጥር ዙሪያ 250 ሜትር ገደማ ነው፤ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ 11 ሜትር ይደርሳል፤ ድንጋዩ የተካበው ያለ አንዳች ማያያዣ ጭቃ ነው። ማውኽ ከበሩ ደፍ እንጨት ቆረጥ አድርጎ አሸተተና ከእርሳሱ እንጨት ጋር አመሳሰለው። «ዝግባ ነው፤ ዝግባ ደግሞ ከሊባኖስ ነው የሚመጣው» ብሎ ደመደመ። ከዚያ በቃ፦ ሕንፃው የንግሥተ ሳባ ሆነ! እንጨቱ ግን የአካባቢው ዛፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1891 ቴዎዶር ቤንት የተባለ እንግሊዛዊ፣ አገሩን በወረረው በሴሲል ሮድስ ኩባንያ ድጋፍ ጭምር፣ ቦታውን ቆፈረ። ያገኘው በአብዛኛው የአካባቢውን ሰው ዕቃ የሚመስል ነበር፤ ድምዳሜው ግን «ገንቢዎቹ ከዓረቢያ የመጡ ናቸው» የሚል ሆነ። ከእርሱ በኋላ ቦታውን እንዲጠብቅ የተሾመው ሪቻርድ ሆል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 የላይኛውን የአፈር ንብርብር «የኋለኞቹ ጥቁሮች ቆሻሻ ነው» ብሎ ጠረገው። አስቡት! የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ ማስረጃውን የሚያገኘው ከዚያው ከተደራረበው አፈር፣ ከገሉ፣ ከዶቃው፣ ከምድጃው አመድ ነው። ሆል የጠረገው ቆሻሻ ሳይሆን የገንቢዎቹን ታሪክ ነው።

እውነቱ ቀድሞም ተነግሮ ነበር። ዴቪድ ራንዳል ማክአይቨር እ.ኤ.አ. በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን ደግሞ በ1929 በጥንቃቄ ቆፍረው ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን አሳዩ። ዛሬ ታላቋ ዚምባብዌ ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሾና ሕዝብ ቀደምቶች የተገነባች መሆኗ አያከራክርም። የነጮቹ የሮዴዥያ መንግሥት ግን ይህ በግልጽ እንዳይነገር ይጫን ነበር። የቅርስ ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ በዚሁ ግፊት እ.ኤ.አ. በ1970 አገሩን ለቅቆ ወጣ። ለምን ይህ ሁሉ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግንቡን የሠሩት የነዋሪዎቹ አያቶች ከሆኑ መሬቱም የነሱ ነው። «የጠፋ ሕዝብ» ከሠራው ግን መሬቱ ባለቤት የሌለው ይሆናል፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆና በዙሪያው በሺዎች የሚቆጠሩ በእጅ የተሠሩ የአፈር ጉብታዎች አሉ፤ ትልቁ በካሆኪያ የሚገኘው ሲሆን 30 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ነጭ አሜሪካውያን «እነዚህን የሠራው ሌላ የሠለጠነ ዘር ነው፤ ሕንዶቹ መጥተው አጠፉት» ይሉ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1830 ለምክር ቤቱ ባቀረበው መልእክት፣ ነባሮቹን ከመሬታቸው የማፈናቀሉን ፖሊሲ ሲከላከል፣ ይህንኑ ጠፋ የተባለ ዘር ጠቅሷል። ሳይረስ ቶማስ የተባለው ተመራማሪ ጉብታዎቹ የነባሮቹ አሜሪካውያን አያቶች ሥራ መሆናቸውን በትልቅ ጥናት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ያኔ መሬቱ ተወስዶ አልቋል።

ይህ ሁሉ ወደ ጌሙ እንዴት ገባ? በልብ ወለድ በኩል። የራይደር ሃጋርድ «ሺ» (1887) በአፍሪካ መሐል በጥንታዊ ፍርስራሽ የምትገዛ ነጭ ንግሥት አለችው። የታርዛን ደራሲ ኤድጋር ራይስ ቡሮውስ ደግሞ በ1913 ኦፓር የምትባል ከተማ ፈጠረ፤ አፍሪካ ውስጥ የቀረች የአትላንቲስ ቅኝ ናት፤ በወርቅ የተሞላች፣ ወንዶቿ ግን ወደ ዝንጀሮነት የወረዱ። ጋይጋክስ በ1979 መመሪያው ካመሰገናቸው ደራስያን አንዱ ቡሮውስ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን ፋልመሮች አስታወሳችሁ? ግንብ፣ ሀብት፣ አውሬ የሆኑ ወራሾች፤ አዘገጃጀቱ ያው ነው። የዛሬዎቹ የጌም ጸሐፊዎች ይህን በተንኮል አደረጉት አልልም። የወረሱት ተረት ከነሻንጣው መጣ እንጂ።

እኛ ዘንድስ?

ታላቋ ዚምባብዌን የቆፈረው ያው ቴዎዶር ቤንት እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ አክሱምና ወደ የሓ መጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። የሓ ላይ ያሉትን የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፎች ሲያይ ለጽንሰ ሐሳቡ ድጋፍ ያገኘ መሰለው። በኋላም እንደ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ያሉ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥልጣኔ ባሕር ተሻግረው የመጡ የደቡብ ዓረቢያ ሰዎች ያቆሙት አድርገው ጻፉ። ይህ አስተያየት ለአሥርተ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ኖሯል።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ከባሕር ማዶ ጋር ግንኙነት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራው፣ ዛሬም ከ10 ሜትር በላይ ቆሞ የሚታየው የየሓ ቤተ መቅደስ ከሳባውያን ሥራ ጋር ያለው ዝምድና የሚካድ አይደለም። የኋለኞቹ ጥናቶች የለወጡት ነገር ሌላ ነው፦ እንግዶቹ ሲመጡ ባዶ አገር አላገኙም። የሚያርስ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ የሚነግድ፣ የራሱ አለቆች ያሉት ሕዝብ ነበር። አክሱምም ያደገችው በዚያ ነባር ሕዝብ እጅ ነው። «ተማሩ፣ ተዋሰዱ፣ የራሳቸው አደረጉት» ማለትና «ሌሎች ሠርተውላቸው ጠፉ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

በላሊበላም ይኸው ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን የመስቀል ጦረኞች ሠርተዋቸው ይሆናል የሚሉ በብዛት የተነበቡ የውጭ መጻሕፍት አሉ። የአገራችን ትውፊት መላእክት ንጉሡን እንደረዱት ይተርካል፤ ይህ ግን ከዚያኛው ጋር አንድ አይደለም። ትውፊቱ ንጉሡንና ሠራተኞቹን አይሰርዝም፣ ሥራቸውን ያከብራል እንጂ። የመስቀል ጦረኞቹ ተረት ግን ባለቤቱን ይቀይራል።

የአክሱምን ሐውልቶች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትልልቆቹ ፎቅ ቤት መስለው ነው የተጠረቡት፤ በር፣ መስኮት፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ ክብ የምሰሶ ጫፎች አሏቸው። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነዚያ ጫፎች በደብረ ዳሞ በእውነተኛ እንጨት ተሠርተው ይገኛሉ። ላሊበላ ላይ ደግሞ የአክሱሙ ዓይነት መስኮት በዐለት ተፈልፍሎ ይታያል። ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ ሙያው አልፈረሰም። ከአናጢ ወደ አናጢ፣ ከጠራቢ ወደ ጠራቢ ተላልፏል።

ሥልጣኔ በአንድ ሌሊት አይጠፋም

ድዌመሮች በአንድ ቅጽበት ተሰወሩ። ለጌም ግሩም ነው! በታሪክ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከስንት አንዴ ነው። አክሱም ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየደከመች ስትሄድ የቀይ ባሕር ንግድ መለወጥ፣ የመሬቱ መዳከምና ሌሎችም ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የገንዘብ ማተሙ ቆመ፤ የመንግሥት መቀመጫውም ወደ ሌላ ሄደ። ሕዝቡ ግን ከተማዋን ጨርሶ አልለቀቀም። ግዕዙ ዛሬም ይቀደስበታል፤ ፊደሉን ደግሞ እናንተ አሁን እያነበባችሁት ነው።

ማያዎችንም ውሰዱ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በደቡቡ ቆላ የነበሩ ብዙ ከተሞቻቸው ተለቀቁ። ፊልሞች ሁልጊዜ «የጠፉት ማያዎች» ይላሉ። በጓቲማላና በሜክሲኮ ግን ዛሬ የማያ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ሚሊዮኖች አሉ። የጠፋው የነገሥታቱ ሥርዓት እንጂ ሕዝቡ አይደለም።

ጌሞቹ ሲያስቡበት

ፍትሐዊ እንሁን፤ አንዳንዶቹ ጌሞች ይህን ጉዳይ ከብዙ ፊልሞች በተሻለ አስበውበታል። የ«ድራጎን ኤጅ» ጸሐፊዎች በመጀመሪያው ጌም (2009) «ኤልፎቹ ንጹሐን ነበሩ፤ ሰዎች አጠፏቸው» የሚለውን ትረካ ይሰጡናል። በሦስተኛው ጌም (2014) ግን በአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የሚገኝ ጠባቂ፣ ግዛቱን መጀመሪያ ያፈረሰው የኤልፎቹ የርስ በርስ ጦርነት መሆኑን ይናገራል። እንደ አማልክት የሚታሰቡት ጌቶች ባሪያ ገዢዎች ሆነው ይገኛሉ። የዛሬዎቹ ኤልፎች በኩራት ፊታቸው ላይ የሚነቀሱት ምልክት እንኳ በጥንቱ ዘመን የባርነት ምልክት ነበር። ያማል፤ ግን ታሪክ ማለት እንዲህ ነው። የራስ የሆነ ያለፈ ዘመን ቅዱስ መሆን የለበትም፤ የራስ መሆኑ በቂ ነው።

«ዘ ዊቸር»ም ኤልፎቹን የመጀመሪያ ባለ መሬት አያደርጋቸውም። እነሱም በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ከነሱ በፊት ሌሎች ነበሩ። «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ውስጥ ደግሞ በየመደርደሪያው የሚገኙት መጻሕፍት እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፤ አሸናፊው የጻፈውና ተሸናፊው የሚያስታውሰው አይገጥምም። ይህን ያስተዋለ ተጫዋች ለታሪክ ትምህርት ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

ስለዚህ «ጌሙን ተዉት» እያልኩ አይደለም፤ ተጫወቱት። ግን ፍርስራሹ ውስጥ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ሕንፃ በእጁ የሠራው ማነው፣ ጌታው ወይስ ባሪያው? «ጠፉ» ያለው ማነው፣ እሱስ ከመጥፋታቸው ምን አተረፈ? ወራሾቹስ የት አሉ፣ ጌሙ በምን መልክ ሣላቸው?

ጥያቄዎቹ ከጌሙ ውጭም ይሠራሉ። አንድ ቪዲዮ «ይህን ሐውልት አፍሪካውያን ሊሠሩት አይችሉም፤ የጠፋ ሥልጣኔ ነው የሠራው» ሲላችሁ፣ ያ ዐረፍተ ነገር ከማውኽ እንጨት ማሽተት ጀምሮ የነበረ የቆየ ዐረፍተ ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ። የጌም ኤልፎች ወራሽ ባይኖራቸው የሚጎዳ የለም። ሾናዎች ግን ከግንባቸው እንዲለዩ ሲደረግ አገራቸውን ነው ያጡት። ነፃነታቸውን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲያገኙ ለአገራቸው የሰጧት ስም የዚያው ፍርስራሽ ስም ነው።